የአባ ግፋ አዲስ መኪና

በእኛ አገር፣ በመንዝ፣ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ቅድመ አያቴ አባ መብረቅ ይባሉ ነበር። አያቴ አባ ድንግጥ። የአባቴ ፈረስ ሰነፍ ስለነበረ ማንም ስም አላወጣላቸውም፤ እሳቸውም በዚህ አልተከፉም። እኔ በዕውቀቱ፣ መሐል ሜዳ ከገበያው በላይ መድኃኒት ቤት ያለኝ ሰውዬ፣ በዘመኔ ፈረስ ኖሮኝ አያውቅም። ስም ግን ወጥቶልኛል። አባ ግፋ እባላለሁ።

ይህንን ስም ያመጣችብኝ ቀይዋ ናት።

ቀይዋ የጣሊያን ሥራ፣ ባለ ሁለት በር የስፖርት መኪና ናት። ሆዷ ከመሬት የሚርቀው አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ኢሕአዴግ በገባ ማግስት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ሰው ዕቃውን እየሸጠ በሚሄድበት ሰሞን ገዛኋት። ለባለቤቴ ለሰናይት የነገርኳት ለመድኃኒት ማመላለሻ ነው ብዬ ነበር። ሰናይት መኪናዋን አንድ ዙር ዞራ አየቻትና፣ «መድኃኒቱ የት ነው የሚጫነው?» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከጣርማ በር እስከ መሐል ሜዳ ያለው ጠጠር መንገድ ለእንዲህ ያለች መኪና የተሠራ አይደለም። እሷም ለእሱ አልተሠራችም። እንዲያም ሆኖ በበጋ፣ ሜዳው ላይ፣ ሞተሯ ሞቆ አቧራውን ከኋላዋ እንደ ካባ ጎትታ ስትሄድ ማየት ነበር። እኔ አላየሁም፤ ውስጥ ነበርኩ። ያዩ ሰዎች ግን ነግረውኛል። አንዳንዴ ሳልጠይቃቸው።

እንዲህ ባለ መልኳ የአገሩ ሁሉ የሙሽራ መኪና ሆነች። ከእሷ በቀር ያለው የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘርና እህል የሚጭን አይሱዙ ነው። ጠባይዋን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ የምነዳት እኔ ራሴ ነበርኩ። ሰርግ በመጣ ቁጥር መድኃኒት ቤቴን ዘግቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ የሰው ልጅ ሙሽራ አድርጌ አደርሳለሁ። ስንቷን እንዳደረስኩ ቆጥሬ አላውቅም። ወላጅ ሲያመሰግነኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ መኪናም እንደ ሰው ታረጃለች። በመጀመሪያ ውርጭ ባደረበት ጠዋት አልነሳ አለች። ቀጥሎ ውርጭ ባላደረበትም። የጎረቤታችን ልጅ ሰርካለም የተዳረች ዕለት ደግሞ፣ ከሞላሌ ወጣ እንዳልን፣ አቀበቱ መካከል ላይ ሁለቴ እንደ ሰው አስላ ቀጥ አለች። ከኋላችን ዕድምተኛ የጫነው የእህል ጫኙ የባምላኩ አይሱዙ ነበር። ሚዜውም፣ ዕድምተኛውም ወረደና ነጭ በነጭ ለብሶ ይገፋን ጀመር። ይገፋሉ፤ የሰርጉን ዘፈንም አላቋረጡም። ባምላኩ ከአይሱዙው መስኮት ወገቡ ድረስ ወጥቶ፣ ልክ ለጀግና እንደሚፎክር አዝማሪ፣ «አባ ግፋ! የመብረቅ ልጅ አባ ግፋ!» እያለ ጮኸ።

ያ ስም እኔ ሳልደርስ መሐል ሜዳ ገባ።

ለሌላ ጊዜ ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ነገር ግን በዚያው ዓመት የእኔው ልጅ መሲ ለጥር ሰርግ ተቀጠረላት። መሲ ዘመሮ አስተማሪ ናት፤ እጮኛዋ አንዷለምም እዚያው ያስተምራል። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች።

«በይ።»

«እኔ ሙሽራ ሆኜ መንገድ ላይ አልገፋም።»

«አንቺ ምን ያስገፋሻል? የሚገፉት ሚዜዎቹ ናቸው።»

«አባዬ!»

«እሺ እሺ። ጠዋት አስቀድሜ አሞቃታለሁ።»

«ካልሆነ በባምላኩ አይሱዙ ጋቢና እሄዳለሁ» አለች። ወደ እናቷ አየች። ሰናይት ወጥ የምታማስል መስላ አልዞረችም፤ ጆሮዋ ግን እኛ ጋ ነበር።

የአባ መብረቅ ዘር በእህል መኪና! ብድግ አልኩ። «ስሚ» አልኳት፤ «ቀይዋን በሌላ እተካለሁ። የምትነሳ፣ የምትደርስ መኪና እገዛለሁ። አንቺንም ከዚህ በር ወስጄ ዘመሮ ድረስ የማደርስሽ እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አይገፋሽም።»

እናትና ልጅ ተያዩ። እኔ ደስታ መስሎኝ ነበር።

መኪና መተካት ቀላል አይደለም። ሰናይት የምትፈልገው ግልጽ ነው፤ ጠዋት ተነስታ ማታ የምትመለስ። እኔ ደግሞ እሱ ላይ ትንሽ ነገር እንዲጨመርበት እፈልጋለሁ። ኩርባ ላይ ልብን ከፍ የምታደርግ፣ ሰው አንገቱን አዙሮ የሚያያት። አሳቤን ለአጎቴ ለመርስዔ ኃዘን ባማክራቸው በጥሞና ሰሙኝ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ በወጣትነታቸው ፈረሰኛ፣ ኋላ ደግሞ በበቅሎ ምርጫ ከራቤል ድረስ የሚጠሩ ነበሩ።

«የፈለግኸው የፈረስ ልብ ያላት በቅሎ ነው» አሉኝ።

«አዎ! እሱን ነው።»

«እሷን እኔም ሳላገኝ አረጀሁ። ግን አብሬህ ልሂድ። አንተ ብቻህን ከሄድክ መልክ አይተህ ነው የምትመለስ።»

ወደ ደብረ ብርሃን ልንወርድ ስንል አጎቴ በቀይዋ አልሳፈርም አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ እየተገፋሁ ከተማ አልገባም» አሉ። ስለዚህ ከማን ጋር ሄድን? ከባምላኩ ጋር። ጋቢናው ውስጥ አጎቴ በመስኮት በኩል፣ እኔ መካከል፣ ባምላኩ መሪው ላይ።

«እንዲያው ጋሼ በዕውቀቱ» አለ ባምላኩ፣ ገና ሞላሌ ሳንደርስ፤ «መኪና መንዳት ይወዳሉ ወይስ መኪና ሲገፋ ማየት?»

«መንገድህን እይ።»

«አይ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው። አዲሷ የማትገፋ ከሆነች እኛስ ምን እንሠራለን? ክንዳችን ይላላል እኮ።»

አጎቴ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። እየሳቁ ነበር። ጣርማ በር እስክንደርስ ጉም ውስጥ ሆነን ሳቁብኝ። እኔም መጨረሻ ላይ ሳቅሁ፤ መካከል የተቀመጠ ሰው ምን ያደርጋል?

ደብረ ብርሃን ላይ የምናውቀው ደላላ አበጀ ይባላል። ድሮ በግና በቅሎ ነበር የሚያሻሽጥ። አሁን መኪና ጨምሮበታል፤ ግቢው አንድ ጥግ ላይ ግን ዛሬም በግ ታስሮ አይጠፋም። ሦስት መኪና አሳየን።

የመጀመሪያው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ አንድ የርዳታ ድርጅት የተረፈ ላንድክሩዘር ነው። ጥሩ መኪና ነበር፤ ክፉ ላወራበት አልችልም። ግን ወጥቼ ስቀመጥ ግምገማ ላይ የተጠራሁ መሰለኝ። ሳላስበው ኮቴን ቆልፌ፣ ጉልበቴን ገጥሜ፣ ተራዬን እጠብቅ ጀመር። ወረድኩ።

ሁለተኛዋ ነጭ የቤት መኪና ናት። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳች። ሄደች። ቆመች። ፍሬኗ ይይዛል፤ ማርሿ እንደ ቅቤ ነው። ስወርድ አጎቴ «እንዴት ናት?» ቢሉኝ መልኳ ጠፋብኝ፤ ከእሷ ውስጥ እየወጣሁ! ሰናይት ብትኖር እዚያው ላይ እልልታዋን ታቀልጠው ነበር። እኔ ግን ጨው እንዳልገባበት ሹሮ ሆነችብኝ።

ሦስተኛዋ ከበጎቹ አጠገብ ቆማለች። ሰማያዊ፣ አጭር፣ ባለ ሁለት በር የጃፓን ጂፕ፤ ጣሪያዋ ሸራ። ጎማዋ ከሰውነቷ ይበልጣል። እንዳየኋት አንድ ነገር ደረቴ ውስጥ ቁልፍ ሳይነካው ተነሳ። ፊቴን ለመቆጣጠር ሞከርኩ፤ ደላላ ፊት ፈገግ ማለት ክፉ ነው። ባምላኩ ግን አይቶኛል፤ «ጋሼ፣ አፍዎን ይዝጉ፣ በጉ ይገባል» አለኝ በጆሮዬ።

አጎቴ ዘንጋቸውን ለእኔ ሰጡና ሥራቸውን ጀመሩ። ከፊት ቆመው ዐይን ለዐይን አዩዋት። በጎን ዞሩ። ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ሆዷን ተመለከቱ። «እግሯ አጭር ነው፤ ደረቷ ሰፊ ነው። ገደል አትፈራም» አሉ። ከዚያ ቀጥ ብለው ቆሙና አበጀን፣

«በል ነውሯን ተናገር» አሉት።

በመንዝ ገበያ በቅሎ ሲሸጥ ሻጩ ገንዘብ ሳይቀበል በምስክር ፊት ነውሯን ይናገራል። ትረግጣለች፣ ትነክሳለች፣ ውኃ ትፈራለች። ደብቆ የተገኘ እንደሆነ በቅሎዋን መልሶ ይወስዳል፤ ስሙም ይጠፋል። አበጀ ፈገግ አለ።

«አባ፣ ይቺ እኮ መኪና ናት።»

«ትሁን። ምስክሩ ይኸው» አሉ፣ ወደ ባምላኩ እያሳዩ። «ነውሯን።»

አበጀ ግራ ቀኝ አየ። ነጋዴ ነው፤ ግን የዚያው አገር ልጅ ነው። በምስክር ፊት ተጠይቆ መዋሸት አልሆነለትም።

«ወደ ኋላ ስትሄድ ታለቅሳለች» አለ ዝቅ ብሎ። «ኋላ ማርሿ ይጮኻል። ሌላ ነውር የለባትም፤ ካለባት ይመለስብኝ።»

ገብቼ ሞከርኩ። እውነቱን ነው። ወደ ፊት እንደ ሚዳቋ ናት። ኋላ ማርሽ ሳስገባ ግን እዬዬ አለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ የአልቃሽ ድምፅ። በጎቹ ገመዳቸውን በጠሱ።

«ወደ ኋላ መሄድ የሚወድ ማን አለ?» አልኩ ስወርድ። ልቤ አስቀድሞ ገዝቷታል።

አጎቴ ዘንጋቸውን ተቀበሉኝ። «ለመሆኑ ለሰርጉ ማን ነው የሚቀመጥባት?»

«እኔ ነኛ! መሲን የማደርስባት።»

አጎቴ ጢማቸውን አሻሹ። ባምላኩን አዩት። ባምላኩ፣ ያ አፉ የማያርፍ ሰው፣ ጎማዋን ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር። ቀንቶ ነው ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ወር ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው ሰው እንዴት እንዳሳለፈው ብናገር ራሴን ነው የማዋርድ፤ ግን ጎረቤት ሁሉ ስላየው ይነገር። ውርጩ እንደ ጨው ግቢው ላይ ነጭ ሆኖ በሚያድርበት በታኅሣሥ፣ ማለዳ ቁልፍ ነካ ሳደርግ ትነሳለች። አጠፋትና እንደገና አስነሳታለሁ፤ ለማመን። ቀይዋ አጥሩ ሥር ቆማ ታየናለች። የሚገዛት ስላልተገኘ ዶሮዎች ጀርባዋ ላይ ማደር ጀምረዋል። የዘመሮን መንገድ ደጋግሜ ተመላለስኩበት፤ የቱ ጉድጓድ በቀኝ፣ የቱ ድንጋይ በግራ እንደሚታለፍ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩ። ሙሽራ ስትቀመጥ እንዳትናጥ አንድ ኩንታል ገብስ ከኋላ ወንበር አስቀምጬ ተለማመድኩ። ገብሱን «መሲ፣ ተመቸሽ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ከአዲስ አበባም የነጂ የቆዳ ጓንት አስመጣሁ።

ሰናይት ይህን ሁሉ እያየች ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል እፈራ ነበር፤ ያን ወር ግን ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም።

የሰርጉ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዳሱ ተጥሎ ሰው ጉድ ጉድ ሲል ጂፕዋን እያሳጠብኩ ነበር፤ ማለቴ እያጠብኩ። አጎቴ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ነገ የት ነህ?» አሉኝ።

«የት እሆናለሁ? መሪው ላይ ነኛ።»

«ምርቃቱንስ ማን ይመርቅ?»

«እመርቃለሁ፤ መርቄ ተነሥቼ እነዳለሁ።»

«ከሄድክ በኋላ ዕድምተኛውን ማን ይዞ ይቀመጥ? ልጁን የዳረ አባት በደጁ ይቀራል። ይህን የማታውቀው ሆነህ ነው? ሙሽራ ተከትሎ የሚሄድ አባት መቼ አየህ?»

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። እርግጥ ነው፣ አውቃለሁ። ማን አያውቅም? ስንት ሙሽራ ከስንት ደጅ ወስጃለሁ፤ አባትዬው ሁልጊዜ እዚያው ቀርቷል። እኔ ግን አንድም ቀን በመስታወቴ ወደ ኋላ አይቼው አላውቅም። ወደ ፊት ነበር የማየው፤ ኩርባ ነበር የማየው። ነጂ ሆኜ ስለኖርኩ የነገው ሰርግ ላይ አባት መሆኔን ረሳሁት።

«ታዲያ ማን ሊነዳት ነው?» አልኩ።

«ባምላኩ ነዋ» አሉ አጎቴ። በአገሩ ውስጥ ሌላ ማን መንዳት ያውቃል?

ሰናይትን ጓዳ ሄጄ አገኘኋት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

እጇን በመቀነቷ ጠረገች። «የመሲ አባት፣ እውነቱን ንገረኝ። ቀድመን ብንነግርህ ቀይዋን ትለውጥ ነበር?»

አሰብኩ። ቆሜ፣ በደንብ አሰብኩ። «አልለውጥም» አልኩ።

«ይኸው» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች። ከዚያ ሳትዞር፣ «መሲ ልንገረው እያለች ስታለቅስ ነው የከረመችው። እኔ ነኝ የከለከልኳት» አለች።

የሰርጉ ዕለት ሰማዩ እንደ መስታወት ነበር። አንዷለም ከሚዜዎቹ ጋር መጣ፤ በሩ ላይ እንደ ደንቡ ተከልክሎ፣ እንደ ደንቡ ገባ። ተበላ፣ ተጠጣ። መሲ ጉልበቴን ልትስም ዝቅ ስትል ምርቃቱ ጠፋኝ። ዕድሜ ልኬን የሰማሁት ምርቃት! አጎቴ ከጎኔ በሹክሹክታ እየመገቡኝ፣ «ውለዱ ክበዱ» ብዬ ጨረስኩ። መሲ ቀና ስትል፣ «አባዬ፣ ገብሱ ተመችቶት ነበር?» አለችኝ በጆሮዬ። እንግዲህ ያንንም ነግረዋታል።

ባምላኩ ኮት ለብሶ፣ ጸጉሩን ተቆርጦ ጂፕዋ አጠገብ ቆሟል። ጓንቴን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ኧረ ጋሼ፣ ባዶ እጄን ይሻለኛል።»

«ልበስ ነው የምልህ።»

ለበሰ። ሰፋው። ቀልድ እጠብቅ ነበር፤ እሱ ግን፣ «አላስገፋትም ጋሼ፤ ይመኑኝ» አለኝ ብቻ።

ሙሽሮቹ ገቡ። ሚዜው ገባ። ቀሚሷን ሰብስበው በሩን ዘጉ። ባምላኩ እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ። በዚያች ቅጽበት እኔ፣ መኪና እንድትነሳልኝ ከሠላሳ ለሚበልጥ ታቦት የተሳልኩ ሰው፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና እንዳትነሳ ጸለይኩ።

በአንዴ ተነሳች።

ከግቢው ለመውጣት ወደ ኋላ መሄድ ነበረባት። ባምላኩ ኋላ ማርሽ አስገባና እሪታዋን ለቀቀችው። ዘፈኑ ጸጥ አለ። ያን ያህል ሕዝብ ፊት እኔ ማልቀስ አልደፈርኩም፤ እሷ ግን ከዳሱ ጀምራ እስከ በሩ ድረስ፣ ያለ አንዳች እፍረት፣ አለቀሰችልኝ። በሩን አልፋ ፊቷን አዞረች። የመሲ እጅ በመስኮት ወጣ፤ ነጭ ነበር። ከዚያ ወደ ፊት ሄደች። እንዴት እንደምትሄድ! ኩርባዋን ሳትነቃነቅ አለፈች። መርጫታለሁ፣ አምናታለሁ፤ እንዳመንኳትም ልጄን ይዛ በአንድ እፍታ ከዐይኔ ጠፋች።

ቀይዋ ብትሆን እላለሁ በልቤ። ቀይዋ ብትሆን አትነሳም ነበር። ሚዜዎቹ ኮታቸውን ያወልቃሉ፤ «አንድ፣ ሁለት» ይባላል፤ ታስላለች፣ ትጠፋለች። መሲ ሰልችቷት ትወርዳለች፤ ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፤ ውኃ አምጡልኝ ትላለች፤ «አባዬ፣ አላልኩህም?» ብላ ትቆጣኛለች። ግማሽ ሰዓት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እቤቴ ትቆይ ነበር።

ዕድምተኛው ወደ ዳሱ ሲመለስ እኔ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ዶሮዎቹን አባርሬ ቀይዋ ውስጥ ገባሁ። መሪውን ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ የወዲያኛው በር ተከፈተና አጎቴ ያንን ረጅም ቁመታቸውን እያጠፉ፣ «በስመ አብ» እያሉ ገብተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደረሰ። ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሳፈራቸው ነው።

«ትነሳለች?» አሉ።

«አትነሳም።»

«ሞክራት እንጂ።»

ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

አጎቴ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። ፈረሰኛ በነበሩ ጊዜ የነበራቸውን ድምፅ ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ «እናንተ! ምን ትዘፍናላችሁ? ኑ፣ አባ ግፋን ግፉት!» አሉ።

መጡ። ጠላቸውን እያስቀመጡ መጡ። እየሳቁ፣ እየተጋፉ ከኋላ ተደረደሩ፤ የት እንደሚይዙ ሁሉም በልምድ ያውቃሉ። ቀይዋ ወዝ ወዝ አለች፤ ጎማዋ ከሰመጠበት ተላቀቀ። ሰናይት እንጀራ የያዘ ሰፌድ ተሸክማ ከጓዳ ብቅ ስትል ግቢው መካከል ደርሰናል።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች በድንጋጤ። «ልጅቷን ልትከተላት?»

«እስከ በሩ» አልኳት። «እስከ በሩ ብቻ።»

አየችኝ። ሰፌዱን ለአንዷ ሴት ሰጠች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችና ዞራ ከኋላ፣ ከሰዎቹ መካከል፣ ትከሻዋን አስደገፈች። በመስታወቱ አየኋት።